ከቀዩ በላይ

ሹፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ ላብራቶሪው ውስጥ ሲገባ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ለታላቅ እህቱ ቀዶ ጥገና ደም ሲፈለግ «እኔ እያለሁ ማንም አይሰጥም» ብሎ የእህቱን ባል ሳይቀር ያስቀረ ሰው ነው። ደሙ እንዲበረታም ጠዋት በቅቤ የተጠበሰ ሥጋና እንቁላል ጥርግ አድርጎ በልቷል።

ደም የምትቀዳው የገዛ ልጁ ናት። ሐኪም ትሆንልኛለች ብሎ ሲመኝ ኖሮ ላብራቶሪ ስለመረጠችበት፣ ሥራዋን ሰው ሲጠይቀው «ብልቃጥ ታጥባለች» ይላል። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች።

ለምርመራ ትንሽ ቀድታ፣ በማሽን አሽከርክራ ስትመለስ ግን ፊቷ አልተፈታም። ብልቃጧን ብርሃን ላይ ያዘችለት። ደሙ ተለያይቶ ቀዩ ታች ረግቷል፤ ከላይ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ቆሟል።

«ዛሬ አልቀዳህም፣ አባዬ።»

ሹፌሩ ክው አለ። «ምን በሽታ አገኘሽብኝ?»

«ቁርስህን ነው ያገኘሁት። ይሄ ነጩ የበላኸው ቅባት ነው።»

«ምግቡንማ የሚሸከመው ቀዩ አይደል? ለሱ ብዬ እኮ ነው የበላሁት።»

«የቀዩ ዋና ሥራ ከሳንባ ኦክስጅን ማድረስ ነው። የበላኸው በአብዛኛው የሚሄደው በዚህ በላይኛው ፈሳሽ ነው። እንዲህ ቅባት ሲበዛበት ምርመራውን ያበላሻል።»

ማታ ቀለል ያለ ነገር በልቶ ነገ ጠዋት እንዲመለስ፣ አለዚያ የአክስቷን ባል እንደምትጠራ ነገረችው። ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባትሽ አይደለሁም ወይ፣ ዝም ብለሽ ቅጂኝ ሲል ለመናት።

«አባቴ ብትሆንም» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች። «ለአክስቴ የሚሰጠው ደም እኔ ካላመንኩበት ከዚህ አይወጣም።»

እሱ ራሱ ፍሬኑ ያላማረውን አውቶብስ አለቃው ቢቆጣም ባይቆጣም ንቅንቅ የማያደርግ ሰው ነው። ያንን ግትርነት ልጁ ፊት ላይ ሲያየው መጀመሪያ ተናደደ፤ ደጅ ሲደርስ ግን ብቻውን ፈገግ አለ። በልቡ ኮራባት።

ማታ ሚስቱ የተረፈውን ጥብስ አሙቃ አቀረበች። ሹፌሩ ስለ ልጁ «ብልቃጥ ታጥባለች» ሲል ደጋግሞ የሰማው ጎረቤታቸውም ሊጠይቃቸው መጥቶ አብሮ ተቀምጧል። ሹፌሩ ሽታው ምራቁን እያስዋጠው ሳህኑን ወደ ጎረቤቱ ገፋና ደረቅ ዳቦ ቆረሰ።

«ምነው፣ አመመህ?» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

«ደህና ነኝ» አለ፣ ዓይኑን ከጎረቤቱ ሳይነቅል። «የላብራቶሪ ባለሙያዋ ልጄ ከልክላኛለች።»