ባዘቶ ውስጥ ያደረው ወዘግ

አልጨፈነም፣ አሁንም አልጨፈነም፣ ሷሊሕ ራሱ ስንት ጊዜ እንደጨፈነ አላህ ይወቀው፣ ዐይኑ እንባ አቅርሯል፣ እግሮቹ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥለው ደንዝዘዋል፣ መወርወሪያው ድሩ ላይ ተጋድሞ ጌታዬን ምን ነካው የሚል ይመስላል፣ ይበል፣ ዛሬ ሽመና የለም፣ ዛሬ ፍርድ ነው፣ ተከሳሹ የባዘቶ ሙዳይ በሆነው የጥሊያን ቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቷል፣ ቁመቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም፣ ያውም ከነጅራቱ፣ ጨፍን እንጂ የኔ ጌታ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ የዐይን ቆብ እንዳለህ አሳየኝና ገበሎ ነው ብዬ ልማልልህ።

ገበሎ ቢሆን ግልግል ነው። ገበሎ ዐይኑን ይከድናል፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ አንገቱን እየነቀነቀ ላለፈ ላገደመው ሰላምታ ይሰጣል፣ ማንም ክፉ አያስብበትም። ወዘግ የሆነ እንደሆነ ግን፣ ያ ግድግዳ ለግድግዳ የሚሳበው፣ ዐይኑን የማይከድነው የሆነ እንደሆነ አለቀለት፣ ነቢዩ ኢብራሂም እሳት ውስጥ የተጣሉ ጊዜ ፍጥረት ሁሉ ሊያጠፋ ሲራወጥ እሱ እፍ እያለ ያራገበ ነው፣ በአንድ ምት ለገደለው መቶ አጅር፣ መቶ የጽድቅ ዋጋ፣ ይጻፍለታል፣ በሁለተኛ ምት ያነሰ፣ ይህን ያልሰማ የይፋት እስላም የለም። ሚስቱ ሩቂያ ደግሞ፣ ሱብሃነላህ፣ ሁለተኛ ምት የሚባል ነገር አታውቅም፣ በአርባ ዓመት ትዳር በቆዳ ጫማዋ ያነጠፈችው ወዘግ ራስና ጅራቱ ቢቀጣጠል ከሮቢት ተነስቶ፣ ጀውሃን አልፎ፣ አጣዬ ገበያ ይደርሳል፣ አጅሯ ቢጫን ሰባት ግመል ያንበረክካል።

ትናንት ጀንበር ሳትጠልቅ ሙዳዩ ኮሽ ሲል ሰማች። ምንድነው እሱ፣ ምንም፣ ምንም ኮሽ አይልም ሷሊሕ፣ እንሽላሊት ቢጤ ነው የቱ ወገን እንደሆነ አላየሁትም፣ እየዋ ታዲያ፣ ነገ እህቴ ዘንድ ደርሼ ለአስር ሰላት እመለሳለሁ፣ ገበሎ ከሆነ ሜዳ ልቀቀው፣ ወዘግ ከሆነ ለኔ ተወው። እሺ አላት። እሺ ቃል ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ሩቂያን የዋሻት ሰባት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሰባቱንም ደርሳበታለች፣ ስምንተኛውን የሚሸከም ጉልበት የለውም።

ዙህር ተሰግዷል፣ ጥላው ወደ ምሥራቅ መዘርጋት ጀምሯል፣ እሷ ስትራመድ ደግሞ ፈረስ አይቀድማትም።

ከሜዳ የለቀመው ቢሆን እኮ አንጀቱ እንዲህ ባልተንሰፈሰፈ። ጥሊያን አዲሱን መንገድ ሲቀይስ፣ ይህ ሁሉ ቆላ ባዶ ተዘርግቶ ሳለ፣ ገመዴ በሷሊሕ ጓዳ ካላለፈ ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ባለቀይ ቀለሙ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ምልክቱን ጭሮ ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱ የድንጋይ ክምር ሆነ፣ አያቱ የካቡት ቤት፣ መድፍ ቢተኩሱበት መድፉን የሚያሳፍር፣ ድንጋዩ ለመንገዱ መደልደያ ዳር ላይ ተቆለለ፣ እነሱ ወንዝ ማዶ ጭቃው ያልደረቀ የሳር ጎጆ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን ከመደቡ በላይ ያለው ግድግዳ ሲናድ ከስንጥቁ አንዲት ነጭ ነገር ተንከባለለች፣ ሽምብራ የምታህል እንቁላል፣ ሰው ምሰሶ ሲያወጣ፣ ሩቂያ ጋኑን ታቅፋ ስትሮጥ፣ ሷሊሕ እንቁላሏን ጥምጣሙ ውስጥ ሸጎጠ፣ ለምን፣ ምኑን ያውቀዋል፣ ሰው ቤቱ ሲፈርስ እጁ ምን እንደሚይዝ ማን ያውቃል፣ አንዱ ጎረቤታቸው የበሩን መቀርቀሪያ ብቻ ይዞ አጣዬ ድረስ ሮጧል። ከዚያ ባዘቶው ውስጥ ደበቃት፣ ረሳት፣ የለም አልረሳትም፣ በየማለዳው ያያት ነበር፣ ዛሬ ሦስት ቀኑ ቅርፊቷ ተፈልቅቆ ይኸ ባለትልቅ ዐይን ብቅ አለ፣ ከዚያ ቤት የተረፈ የመጨረሻው ነዋሪ፣ በዕድሜ ትንሹ፣ ንብረቱ ባዶ፣ እንደነሱው ተፈናቃይ።

ቆይ። ምላሱን አወጣ። ሐምራዊ ምላስ፣ ሰፊ፣ ሙሽራ እንደምትለብሰው ሐር፣ አወጣውና ዐይኑን ላሰ፣ ወላሂ የገዛ ዐይኑን፣ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ወለወለው፣ እንደ መስተዋት፣ ሷሊሕ ሳያስበው የራሱን ምላስ ወደ ላይ ዘረጋ፣ አፍንጫው ጋ ቀረ። እንግዲህ ቆብ ቢኖረው መች ይልሰው ነበር። ጠዋት ደግሞ በጥሊያኑ የቲማቲም ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሲወጣ አይቶታል፣ ዝንብ እንኳ የሚያንሸራትተው ልሙጥ ቆርቆሮ፣ ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ ጠፍጣፋ ናቸው፣ ገበሎ ጣቱ ጥፍር ነው፣ አውቃለሁ እኮ፣ ማወቁንስ ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ። ወዘግ ነህ፣ በቃ ወዘግ ነህ፣ ግን ሦስት ቀንህ ነው፣ ስለዚያ እሳት ምን ታውቃለህ፣ የሮቢትን ፀሐይ እንኳ ገና መች ለመድክ፣ አስተግፊሩላህ፣ አባቶቻችን ካሉት በላይ ልራቀቅ እንዴ፣ አልራቀቅም፣ ብቻ እህል እንኳ ሳይቀምስ።

እውነትም ሳይቀምስ። ሆዱ ገብቷል። ትንኝ አምጥቶለታል፣ ፊቱን አዙሯል፣ ገላው ትናንት የማር መልክ ነበረው ዛሬ አመድ ተነፍቶበታል፣ አይንቀሳቀስም፣ ለምን አይንቀሳቀስም፣ ሷሊሕ አጎንብሶ ያየዋል፣ ያ ረቢ፣ ባዘቶው ነው፣ ክሩ እግሩ ላይ ተጠምጥሟል፣ በየጣቱ፣ አንዱን እግር ከሌላው አስሮታል። ሸማኔ አይደለህ፣ ለልጅ ከባዘቶ የሚለሰልስ ምን አለ ብለህ አነጠፍክለት፣ ሙያህ ዕውር አደረገህ፣ ዓሣ ለማዳ ቢሆንልህ ጋቢ ታለብሰው ነበር። ትንፋሹን ይይዛል፣ በጥፍሩ ጫፍ አንዷን ዘለላ ይፈልጋል፣ የተቆረጠ ድር ሲቀጥል እንደኖረባቸው ዘመናት ሁሉ በቀስታ ይፈታል፣ ይቺን፣ ይቺንም፣ አይዞህ አባቴ፣ ሃያ ጣት ሃያ ቋጠሮ፣ የሩቂያን እግር ኮቴ የሰማ መስሎት ሁለት ጊዜ ወደ በሩ ይዞራል፣ ነፋስ ነው፣ የመጨረሻዋ ተፈታች።

ቆርቆሮውን ይነካዋል፣ ይፋጃል፣ ይቺ ምድጃ ናት እንጂ ቤት አይደለችም። ቅል ውስጥ ላድርገው ቢል ቅሉ ይረጥባል። ታዲያ የት፣ የናትህ ቤት የት ነበር፣ ድንጋይ ውስጥ ነዋ፣ ሷሊሕ በልጅነቱ ጣቱን እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ይከት ነበር፣ ቀትር ላይ ቀዝቃዛ፣ ሲመሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ የሚመልስ፣ እዚህ አዲሱ ጎጆ ውስጥ ግን ድንጋይ የለም፣ ጭቃና ጭራሮ ነው፣ ሷሊሕም ጎኑ አልለመደውም፣ ማን ይወቅስሃል አንተ ባትበላ።

ይነሳል። እግሩ እንደ ባዕድ እግር ይከተለዋል፣ ወንዙን በድንጋይ በድንጋዩ እየዘለለ፣ በስልሳ ዓመቱ፣ ፍየል አይታ ትቅና። መንገዱ ዳር ክምሩ አለ፣ ክምሩ ላይ የሠራተኞቹ ካቦ ስንታየሁ ተቀምጧል፣ የቀወት ሰው፣ ድሮ ሸማ ያሠራው የነበረ፣ ዛሬ ለጥሊያን ፊሽካ ይነፋል። ጋሼ ሷሊሕ፣ በዚህ ሐሩር፣ ምን ጠፋዎት፣ ድንጋይ፣ ድንጋይ ይለመናል እንዴ፣ ዘንድሮ የማይለመን ምን ቀረ ልጄ፣ እንዴ ይቺ ክምር እኮ የንጉሡ ናት፣ የትኛው ንጉሥ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ ያስገርፉኛል፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱን አያቴ በጀርባው አምጥቶታል እሱን ብቻ ነው የምፈልገው፣ የቱን፣ ሁሉንም። ስንታየሁ ይስቃል፣ ሳቁን ያቆማል፣ ወዲያ ወዲህ ይገላመጣል፣ ነጩ አለቃ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድሟል። ጋሼ፣ እኔ አሁን ለሽንት ወደዚያ ቁጥቋጦ እሄዳለሁ፣ እንደ አህያ ነው የምሸናው፣ ረጅም ጊዜ ይፈጅብኛል፣ ለመሆኑ ምን ሊሠሩበት ነው፣ ቤት፣ በአንድ ድንጋይ፣ በሁለት፣ ባለቤቱ ትንሽ ነው።

ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ታቅፎ ወንዙን ተሻገረ፣ ክብደታቸው፣ ሰው አያምነኝም፣ ተራራ ከነጥሻው፣ ደረቱ ተልጧል፣ አልተሰማውም። ከጎጆው ጥግ አንዱን ዘረጋ፣ ሌላውን ላዩ ላይ፣ በመሀላቸው ጠጠር፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት፣ በበሩ የምትገባ ፀሐይ ከላይ ትነካዋለች፣ ከስሩ ጨለማ ነው፣ ቢስሚላህ ብሎ ትንሹን በመዳፉ አምጥቶ አስቀመጠው። ቆመ። አየ። ጅራቱን አንዴ አወዛወዘና ስርት ብሎ ገባ፣ ቁልፍ ይዞ ሲዞር እንደነበረ ሰው።

ሷሊሕ በሆዱ ተኝቷል፣ ጉንጩ መሬት ላይ። ውስጥ አንድ ነገር ይፋተጋል። ትንሹ ግንባሩን ከድንጋዩ ያሻል፣ አመዱ ቆዳ ከአፍንጫው ይሰነጠቃል፣ ይገፈፋል፣ ከየጣቱ እንደ እጅጌ ይወልቃል፣ ሸማውን እያወለቀ ነው ለካ፣ መታመሙ አይደለም፣ ልብሱ ጠቦት ነው፣ ባዘቶው ላይ ምን ተፋትጎ ያውልቀው፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው፣ በላው፣ የገዛ ሸማውን ጎርሶ ዋጠው፣ ባሪከላህ፣ አንተ ከሸማኔም ከደንበኛም የተገላገልክ ፍጡር፣ ከስሩ ደግሞ ማር የመሰለ አዲስ ገላ፣ እሰይ፣ እሰይ የኔ አንበሳ፣ ብሎ ጮኸ፣ ጮኾ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ፣ ምክንያቱም በሩ ላይ ያለችው ፀሐይ ጠፍታለች።

ሩቂያ ቆማለች። አንበሳህ የቱ ነው፣ ትላለች፣ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራለች። ዋሻት አለው ልቡ፣ ስምንተኛዋን፣ ገበሎ ነው በላት፣ ምላሱ ተነሳ፣ ወደቀ። ወዘግ ነው ሩቂያ። ጨፈነ እንዴ፣ አልጨፈነም። ከየት መጣ፣ ከቤታችን፣ ከየትኛው ቤታችን፣ ከመደቡ በላይ ካለው ስንጥቅ፣ እንቁላሉን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ምቺኝ ከፈለግሽ መጀመሪያ እኔን፣ እኔ ሁለት ምት እፈጃለሁ።

አልሳቀችም። ጫማዋን ይዛ ተንበረከከች፣ ጉልበቷ ቋ አለ፣ ጉንጯን ከሱ ጉንጭ ጎን መሬት ላይ አደረገች፣ እንዲህ ፊት ለፊት ከተጠጋጉ ስንት ዘመናቸው፣ የመንገድ አቧራና የላብ ሽታ፣ ትንፋሿ ቁና ቁና ይላል፣ ትንሹ ከውስጥ ያያታል፣ ታየዋለች፣ ጫማው ከፍ አለ፣ ሷሊሕ ዐይኑን ጨፈነ፣ ጧ።

ያ አላህ፣ አንድ ምት፣ አንድ ምት ነው የምታውቀው፣ ማየት አይችልም፣ አንዲት ዐይኑን ይገልጣል፣ ግማሹን። ጫማው ምሰሶው ስር ነው። ሩቂያ ከጫማው ስር ዝንብ ታነሳለች፣ በክንፏ ይዛ፣ እግሮቿ ገና ይራወጣሉ፣ ወደ ስንጥቁ ታቀርባለች። ጨርሼ አልገደልኳትም፣ ትላለች ለራሷ እንደምታወራ፣ ካልተንቀሳቀሰ አይነካውም፣ እናቱም እንደዚሁ ነበረች፣ እንዲያው ኩሩ። እናቱ፣ የማን እናት፣ ጎራዳ ጅራቷ ነዋ፣ ልጃችን ከዲጃ ጡት ላይ ሳለች ያችን ወዘግ ስመታት ጅራቷ ብቻ ቀረ፣ ጅራቱ ለብቻው ሲጨፍር ልጄ ሳቀች፣ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ እሷ ላይ እጄ እምቢ አለኝ፣ ወደ ጓዳ ስገባ እስልላት ነበር፣ እንድትደበቅ። ትስልላት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጓዳ ስትገባ የምትስለው ሳል፣ ለደረቷ ጥቁር አዝሙድ ሲያስጭንላት የኖረው፣ ሐኪም ለሐኪም፣ ወላሂ እስከ ወሎ ድረስ፣ ለዚያች ኖሯል። ስንቱን ዋሸሽኝ ሩቂያ ሊል አፉን ይከፍታል፣ እስዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች።

ዞር በል፣ አትየው፣ ሰው እያየው መብላት ያፍራል።

ሷሊሕ ፊቱን ያዞራል፣ ወደ እሷ።