ዓመቱን ያቃናሁበት ደብዳቤ

ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ከሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት መስኮት እስከ በሩ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እንጃ። ከቪየና የመጣው ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቷል። ውስጡ ያለው ጽሑፍ ስለ ስንዴ ዘር ነው።

ስንዴ! እኛ የጠየቅነው ስለ እንቅርት ነበር።

መስከረም ላይ አያ ክንዱ የሚባሉ የዳባት ገበሬ ልጃቸውን ትርንጎን ይዘው መጡ። እንቅርቷ ጉሮሮዋን ተጭኗት ስትተነፍስ ያፏጫል። ፈረንጁ ዶክተራችን ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥናት ላንብብ አለ፤ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን እንቅርት በአቶም ጨረር መርምረው ያሳተሙት ነው። ቪየና ያለ አንድ ቢሮ ለሰላም የሚውለውን የአቶም ጥናት ከየአገሩ እየሰበሰበ ለጠየቀው ሁሉ ይልካል። ዶክተሩ የመጽሔቱን ስም፣ ቁጥር አራት፣ በፈረንጅ 1961 ብሎ ሰጠኝ። መዝገቤ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነውና እኔ ብልጧ ዓመቱን አቃናሁና 1953 ብዬ ተየብኩት። እነሱም ምን በወጣቸው፣ ያልኳቸውን የ1953ቱን ላኩ።

አያ ክንዱ የሚጠብቁት እስከ ገና ነው። ከዚያ በኋላ አገራቸው እንቅርት በጋለ ብረት ወደሚተኩስ ሰው ይወስዷታል። «አይዞዎት፣ በሞቴ ይመጣል» ያልኳቸው እኔው ነኝ። ገና ደግሞ ነገ ነው።

ለዶክተሩ ነገርኩት። ጮኸብኝ፤ ይበለኝ። ወዲያው ቴሌግራም ጻፈና ትክክለኛው ጽሑፍ በአየር ፖስታ ሃያ ቀን ይፈጃል አለ። አያ ክንዱን ብፈልግ፣ ጽሑፉ አለመምጣቱን ሰምተው ወደ ዳባት ማኪና ሄደዋል አሉኝ።

ነጠላዬን በቅጡ ሳልለብስ ቁልቁል ሮጥኩ። እየሮጥኩም ውሸት አዘጋጅ ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ዘገየ፣ ፈረንጆቹ ተሳሳቱ። ሞተሩ ተነስቷል። ትርንጎ በመስኮቱ ስታየኝ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አያ ክንዱ፣ ፈረንጆቹ አላጠፉም። ዓመቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሃያ ቀን ይስጡኝ።»

«ምነው ልጄ! ይህን ሁሉ ወር ቀለድሽብን?» አሉ። «ያ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰው የለ! ተሳስቶም አያውቅ።»

አፈርኩ፣ እንባዬም መጣ።

ትርንጎ ተነስታ በተሳፋሪው መካከል እየተሽሎከለከች ወረደች። ትንፋሿ እያፏጨ አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ፣ ጎረቤታችን እንኳየሁ በዚያ ሰው እጅ ስትሞትም አልተሳሳትሁም ነው ያለ። ይች ግን ተሳስቻለሁ አለች። እኔ እሷ ዘንድ እጠብቃለሁ።»

አያ ክንዱ ልጃቸውን አዩአት። ከዚያ ወረዱና ስልቻቸውን ከጣራው እንዲያወርድላቸው ለሾፌሩ ነገሩት።