በቀኝ ዜሮ፣ በግራ አራት

ልጄ ፀደይ በስድስተኛው ጨዋታ ግብ ያገባች ዕለት እኔ ዳንግላ ገበያ ድንች እየመዘንኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ከፈትኩት። ሠንጠረዡ መጥቷል። ጣቴን ስሟ ላይ አድርጌ መስመሩን ተከተልኩ። ደቂቃ ዘጠና። ግብ አንድ። በቀኝ እግር የተመታ ዜሮ። በግራ እግር የተመታ አራት።

ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ እንደገና ከስሟ ጀመርኩ። ያው ነው።

«ምነው ውዴ? ክፉ ወሬ ነው?» አለችኝ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው ውቢት።

«አይ፣ አሸንፈዋል።»

«ታዲያ ማሸነፍ እንዲህ ፊት ያጠቁራል እንዴ! ባለፈው እልል ብለሽ ገበያውን ስታስደነግጪ አልነበር?»

እውነቷን ነው። በአራተኛው ጨዋታ ፀደይ ሁለት ግብ ስታገባ፣ ሁለቱም በቀኝ እግሯ፣ ድንቹን ትቼ ቆሜ እልል ብያለሁ። ሰው ሠርግ መስሎት ዞሮ አይቶኛል።

ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ከገበያ ስመለስ የጎልማሶች ትምህርት እገባለሁ። መምህራችን አርሴማ መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ሠንጠረዥ አስተማረችን። ዝናብ የጣለበትንና ያልጣለበትን ቀን በደብተራችን ላይ እያሰመርን እንሞላ ነበር። «ሠንጠረዥን ከላይ ወደ ታች እዩት» ትለን ነበር። «አንዱ ቀን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።»

ፀደይ እንጅባራ ዘንገና ኮሌጅ ግብርና ትማራለች፤ ለኮሌጁ የሴቶች ቡድን አጥቂ ናት። እሷ አንዴ ከደወለች ሳምንት ያልፋታል። ይሄነው የሚባል ተማሪ ግን አለ፣ ሜዳው ዳር ቆሞ የእያንዳንዷን ልጅ ምት የሚቆጥር፤ ጨዋታው ባለቀ በሰዓቱ ሠንጠረዡን የቡድኑ ቴሌግራም ላይ ያወጣዋል። እኔም ዝናቡን ትቼ በዚያው ደብተር የልጄን እግር መመዝገብ ጀመርኩ። የዘንድሮው ውድድር ስምንት ጨዋታ ነው። አራተኛው መስመር ዳር ላይ ደስ ብሎኝ አበባ ስያለሁ።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ደብተሩን ከላይ ወደ ታች አየሁት። በቀኝ አምስት፣ ስድስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ አምስተኛው ላይ አንድ። ስድስተኛው ላይ ዜሮ። በግራ ደግሞ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት።

ከሠንጠረዡ ሥር ደጋፊው ሁሉ ይጽፋል።

«ፀዲ፣ ግራ እግርሽ ይባረክ!»

«በረኛዋ ቀኝ ቀኙን ስትጠብቅ በግራ አቀመሰቻት!»

«ቀኟን ለፋሲካ አስቀምጣዋለች።»

ቀስ እያልኩ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። አንድም ሰው ቀኝ እግሯ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ፀደይ በዘጠኝ ዓመቷ ከአባቷ ጋሪ ላይ ወድቃ ቀኝ ጉልበቷ ወልቆ ነበር። ወጌሻዋ እትዬ እታለማሁ በቅቤ አሽተው መለሱላት። የዚያን ቀን ጩኸቷ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ይቺ ጉልበት አንድ ጊዜ ይቅር ብላለች። ሁለተኛ ከወለቀች ግን እኔም አልመልሳት» አሉን።

ደወልኩላት።

«እማ፣ አሸነፍን እኮ! አየሽ?»

«አየሁ። ቀኝ እግርሽ ምን ሆኖ ነው?»

 ሳቀች። «አሰልጣኙ ግራሽን ተለማመጂ ብሎኝ ነው።»

«ጉልበትሽስ?»

«የምን ጉልበት?»

የምን ጉልበት ማለቷ አላማረኝም። ያን ጉልበት የማታውቀው ይመስል።

ባለቤቴ አዝመራው ባለ ጋሪ ነው። ለፈረሱ ገፈራ እያበላ ሳለ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ካልተጨነቅሽ ምሳ አይበላልሽም» አለኝ። «ልጅቱ እያገባች አይደል?»

«አንተ ፈረስ ስትገዛ መታመሙን በምን ታውቃለህ? ባለቤቱ እኮ ደህና ነው ነው የሚልህ።»

«ሲሮጥ አላየውም። ሻጩ እየገረፈ ሲያስሮጠው የታመመውም ይሮጣል። ትቼው፣ ሲቆም አየዋለሁ። አንዱን የፊት እግሩን ወደፊት አስረዝሞ ጫፉን ብቻ መሬት ካስነካ ታሟል። አልገዛውም።»

ይህን ሲል ገፈራ የያዘው እጁ ቆመ። ስልኩን አምጪ አለኝ። ይሄነው ከሠንጠረዡ ጋር የቡድኑን ፎቶ ያወጣል። ከመጀመሪያው ጀምረን አየን። በመጀመሪያዎቹ ልጄ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች። በአምስተኛው ቀኝ እግሯ ትንሽ ወደፊት ወጥቷል። በስድስተኛው ይበልጥ ወጥቷል፤ ተረከዟም መሬት አልነካም።

አዝመራው ስልኩን መለሰልኝና ወደ ፈረሱ ዞረ። «ንገሪያት» አለኝ ብቻ።

ብነግራትም አልሰማ አለች። ሰባተኛው ጨዋታ ላይ በግራ አምስት መታች፣ ሁለት አገባች። በቀኝ ዜሮ። ደጋፊው አበደ። የቀረው ከቆላው ኮሌጅ ጋር የሚደረገው የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ያን ካሸነፉ ዋንጫው የእነሱ ነው። ስደውልላት ስልኳን አታነሳም። የአሰልጣኙ ቁጥር የለኝም። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ሥር እንደሌላው ሰው ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። መጻፍ የተማርኩት ደብዳቤ ስለሆነ እንደ ደብዳቤ ጻፍኩት።

«ለተከበሩ የዘንገና ኮሌጅ አሰልጣኝ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄ ፀደይ አዝመራው በልጅነቷ ቀኝ ጉልበቷ ወልቆ ነበር። አሁን እንደገና ያማታል ብዬ ፈርቻለሁ፣ እሷ ግን ትደብቃለች። እባክዎ ይዩልኝ። አክባሪዎ ወይዘሮ ውዴ፣ ከዳንግላ።»

እዚያ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ የኮሌጁ ሰው ይመስለኝ ነበር። ልጄን የሚወድ፣ ለልጄ የሚጮህ።

መልሱ ወዲያው ይጎርፍ ጀመር።

«እኛም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን እናታችን!»

«የቀበሌ ማመልከቻ መሰላቸው እንዴ? ማኅተሙ የት አለ?»

«እማማ አይሳቀቁ፣ ፀዲ ብረት ናት።»

እነዚህ አላስከፉኝም። ይሳቁ። ከታች ግን ስሙን የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «እናመሰግናለን እማማ። ቀኝ ጉልበት። መዝግበናል። ቅዳሜ ሜዳ ላይ እንገናኝ። ከቆላ።»

 ልጄን የት መትተው እንደሚጥሏት በገዛ ጣቴ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።

ወደ አርሴማ ቤት ሮጥኩ። አነበበችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አጠፋችልኝ። «ጠፍቷል አይደል?» አልኳት።

«እዚህ ጠፍቷል። ግን ፎቶ ያነሳው ሰው ሊኖር ይችላል።» ፊቴን አይታ፣ «ፊደሉ አንድም ስህተት የለውም» ብላ ጨመረች። ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ መሃይም ብሆን በወደድኩ ነበር።

ቅዳሜ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርተን እኔ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዝመራው ፈረሱን ትቶ መሄድ አልቻለም። ደብተሬን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዣለሁ። እንጅባራ ስደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመናኸሪያው በባጃጅ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ገና ሳልወርድ ከቆላ የመጡት ደጋፊዎች ሲጨፍሩ ሰማሁ። «ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ!» ይላሉ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየመቱ።

ፀደይ ማሊያዋን ለብሳ ታሟሙቃለች። ስታየኝ መጣች። ጉንጬን አልሳመችኝም።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልጄ፣ አንቺን...»

«ትሰሚያለሽ የሚሉትን? አንቺ ነሽ የነገርሻቸው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳያውቅ ተጫውቻለሁ። ማንም!»

«ሦስት ሳምንት?» አልኩ።

አፏን ያዘች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች። እየሮጠች ነው የሄደችው፣ ደህና መሆኗን ልታሳየኝ።

አሰልጣኙ ስማቸው የሚባል ረጅም፣ ድምፁ የዘጋ ሰው ነው። ወደኔ መጣ። «ያቺን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ነዎት እናት?»

«እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ጠይቄያታለሁ። ምንም የለብኝም አለችኝ። ሩጪ አልኳት፣ ሮጠች። ዝለዪ አልኳት፣ ዘለለች። በእሷ ቦታ የማስገባት ልጅ የለኝም። በእርስዎ ጭንቀት ብቻ ላስቀምጣት?»

ደብተሬን ፈትቼ ሰጠሁት። ከላይ ወደ ታች አየው። አበባውን ሲያይ ትንሽ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ ዜሮዎቹ ጋ ደረሰ። ፈገግታው ጠፋ።

«ስትሮጥ አይዩዋት» አልኩት። «ሲያስሮጡት የታመመውም ይሮጣል። አሁን ለፎቶ ይሰለፋሉ አይደል? ያን ጊዜ ይዩዋት።»

ተሰለፉ። ይሄነው ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን አነጣጠረ። አሥራ አንድ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ቆሙ። አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ እግር እግራቸውን አየ። የልጄ ቀኝ እግር ወደፊት ወጥቶ በጣቱ ጫፍ ቆሟል።

ሄደና አጠገቧ ቆመ። «ፀደይ፣ በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ።»

«አሰልጣኝ፣ ጨዋታው ሊጀመር...»

«እስከ አምስት እቆጥራለሁ። አንድ።»

ግራ እግሯን አነሳች። «ሁለት።» ፊቷ ተለወጠ። ሦስት ከማለቱ በፊት የጓደኛዋን ትከሻ ያዘች።

 የቆላዎቹ ጭፈራ ብቻ ይሰማል። አሰልጣኙ እጁን ዘረጋ፣ እሷም ከቲሸርቷ ላይ የደረበችውን ማሊያ አውልቃ ሰጠችው። እንዲህ ስታለቅስ ከጋሪው ከወደቀች ወዲህ አላየኋትም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ነጠላዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት፤ አልጣለችውም፣ ግን ወደኔ አልዞረችም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጀርባዋን አየሁ። ቡድኗ አንድ ለዜሮ ተሸነፈ። ዋንጫው ቆላ ወረደ።

ወደ ዳንግላ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ሠንጠረዡ ወጥቷል። ከሥሩ ያለውን ላለማንበብ ብፈልግም ዓይኔ አንዴ ለምዶ አነበበው። «ዋንጫውን የበላችው እናትየዋ ናት።» ሌላው ደግሞ፣ «እማማ በሚቀጥለው ዓመት ለቆላ ይሰለፉ።» ስልኩን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሐኪሙ ምን እንደሚል አላውቅም። ካሁን ወዲያ ትጫወት ይሆን? እንደ ሰው ትራመድ ይሆን? ዋንጫውን ያጣችው በከንቱ ቢሆንስ? ወይም ዘግይቼ ቢሆንስ?

ፀደይ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቀኝ እግሯን መቀመጫው ሥር ልትዘረጋው ሞከረች፤ ቦታው ጠበባት። አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። በሱሪዋ ውስጥ ጉልበቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ አብጧል። እግሯን አልሳበችውም።

አዲስ ቅዳም ከተማን ካለፍን በኋላ፣ «ደብተሩን ይዘሽዋል?» አለችኝ።

ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ተሳስተሻል» አለች። «አምስተኛው ላይ አይደለም።» ጣቷን አራተኛው መስመር ላይ አደረገች። «እዚህ ነው። ከዕረፍት በፊት ተጋጨሁና ሲንቀጫቀጭ ተሰማኝ። ሁለቱንም ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ እግሬ።»

ጣቷ ከሣልኩት አበባ አጠገብ ነበር።

«የዚያን ዕለት እኮ እልል ብያለሁ» አልኳት። «ገበያ መሀል።»

«አውቃለሁ። ገና ገበያ ሳለሽ ልነግርሽ ደውዬልሽ ነበር። እትዬ ውቢት ስልኩን ነጥቃሽ ስለ እልልታሽ አወራችልኝ፣ አንቺም ከጀርባ ትስቂ ነበር።» ትከሻዋን ወደ ላይ ነቀነቀች። «በዚያ ላይ እንዴት ልንገርሽ?»

 እስክሪብቶዬን አወጣሁና አበባው አጠገብ ጉልበት ብዬ ጻፍኩ። ሚኒባሱ ስለሚያንገጫግጨን ፊደሉ ተጣመመ። ቀጥ እስኪል ልሰርዝና ልደግመው አሰብኩ፤ ግን አንድ እጄ ጉልበቷን ይዞ ነበር፣ ላነሳው አልፈለግኩም።