የመሸሻ ዓይንና የጀርመኑ መነጽር

መሸሻ በዓይኑ የሚኮራ ሰው ነበር፤ ቢኮራም አይፈረድበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈረንጅ አዳኞችን እየመራ ባሌ ተራራ ሲወጣ፣ የደጋ አጋዘኑን ቀንድ ከቁጥቋጦው ለይቶ «ያውና!» የሚለው እሱ ነው። ፈረንጁ በስንት መሣሪያ ሲያስስ ውሎ በመጨረሻ የመሸሻን ጣት ይከተላል። አጋዘኑ ሲወድቅ ፎቶ የሚነሳው ግን ፈረንጁ ነው። መሸሻ ይሄ ቅር ብሎት አያውቅም። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው የጉዞው መሪ ነውና፣ ያቺ ወንበር ትበቃው ነበር።

በ1963 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ የአደን ድርጅቱ ባለቤት ባላምባራስ ሀብተሥላሴ ሁለት የጠመንጃ መነጽሮች ለሙከራ አስመጡ፤ አንዱ ጀርመን ሠራሽ፣ ሌላው አሜሪካ ሠራሽ። የተሻለው ተለይቶ ለድርጅቱ ጠመንጃዎች ሁሉ ሊገዛ ነው። እንዲለዩ የታዘዙት መሸሻና ወንድይፍራው ናቸው። ወንድይፍራው ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ድንኳን ከመትከል ጀምሮ ሥራውን ያስተማረው መሸሻ ነው።

«ዘንድሮ የምልከው አንድ መሪ ብቻ ነው» አሉ ባላምባራስ፣ ነገር መሸፋፈን አያውቁም። «ደህናውን ከመናኛው የለየልኝ እሱ ይመራል።»

መሸሻ በሆዱ ሳቀ። ይሄ ደግሞ ፈተና ነው?

ኮልፌ ያለው የድርጅቱ ግቢ በስተጀርባው ወንዝ ያዋስነዋል። ከወንዙ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቆ ጥቁር መስመር የተቀባ ሳንቃ ተተከለ። መሸሻ ቀን ላይ ሁለቱንም መነጽሮች ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይወጣቸው እንደሆነ ጠበቀ፤ አረፋ ያወጣ መነጽር ተራራ ላይ ጉም ይገባዋል። ሁለቱም አላወጡም።

«ማየቱን ለማታ እናቆየው ጌታዬ» አለ። «በቀትርማ የጠርሙስ ቂጥም ያሳያል። አጋዘን የሚወጣው ሲደነግዝ ነው።»

ደነገዘ። ወንድይፍራው ቀድሞ አየ። የጀርመኑን ዓይኑ ላይ ደግኖ፣ ከበስተኋላው ያለውን ቀለበት በሁለት ጣቱ ዘወር ዘወር አደረገው። መሸሻ አይቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። በእነሱ ሥራ መሪ ጠመንጃ ይሸከማል እንጂ የፈረንጅ መነጽር አያዞርም፤ ያዞረ የዚያኑ ዕለት ይባረራል። መሸሻ ይህን ሕግ አንድም ቀን አልጣሰም።

ተራው ደረሰ። በአሜሪካኑ ሲያይ ሳንቃው ጨለም ቢልም መስመሮቹ ተለይተው ታዩት። በጀርመኑ ሲያይ ሁሉም ነገር ጭጋግ ሆነበት። ዓይኑን ጠርጎ ደገመው። ያው ጭጋግ። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ያላየውን አየሁ ማለት ግን አልሆነለትም።

«ጀርመኑ ያጨሳል ጌታዬ። አሜሪካኑ ይሻላል።»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ወንድይፍራው። «እኔማ የሳንቃውን ምስማር እቆጥርልዎታለሁ።»

ባላምባራስ የዓይን መነጽራቸውን አውልቀው በጀርመኑ አዩ። ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ወንድይፍራውም እሳቸውም ሩቅ የማያይ ዓይን እንዳላቸው ያን ጊዜ ማን አሰበ?

«ደህናው ጭጋግ፣ መናኛው ብሩህ ሆኖ ታየህ?» አሉት፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው። «አይዞህ፣ ዕድሜ ነው።»

ከሁሉ ያቆሰለው ያ እጅ ነበር። ሳምንት ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ በአንድ ዓይን ሲያነብ፣ በሌላው ሲያነብ ሰነበተ። በመጨረሻ ሚስቱ ጥሩብርሃን እየጎተተች ጦር ኃይሎች አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሙ ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ አስነበበው። መሸሻ እስከ ታችኛው ረድፍ ወረደ።

«እርስዎን ማን ነው የላከዎት?» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። «የሩቅ እይታዎ ከኔ ይበልጣል።»

መሸሻ የጀርመኑን ነገር ነገረው። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክሮስኮፕ ወደሱ አስጠግቶ መዘውሩን አስያዘው። «ያዙሩት። አዩ፣ እያንዳንዱ ሰው በየዓይኑ ልክ ያስተካክለዋል። ያ የጠመንጃ መነጽርም በሌላ ሰው ልክ ተስተካክሎ ይሆናል።»

መሸሻ ጥሩብርሃንን እዚያው ትቷት ሮጠ። ግቢው ሲደርስ መኪናው ተጭኖ፣ ወንድይፍራው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል።

«ታውቅ ነበር?» አለው በመስኮቱ፣ እያለከለከ።

ወንድይፍራው አልካደም። «አውቅ ነበር ጋሼ። እርስዎ እዚህ ሲቀመጡ፣ እኔ ስንት ዓመት ከኋላ ከድንኳኑ ጋር ስንገላታ ኖሬያለሁ።»

ባላምባራስ ነገሩን ሰምተው አመኑት፤ ማመናቸው ነው የከፋው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዓይንህ ደህና ከሆነ። ግን የመሪው ስም ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ገብቷል፤ ፈረንጆቹም ጎባ እየጠበቁ ነው። አንተ እስኪመለሱ በሩን ያዝልኝ። እንዳንተ ያለ ዓይን ለዘበኝነት የት ይገኛል?»

ቀልዳቸውን አልነበረም። ከልባቸው ነው። መሸሻ ሰደባቸው ቢባል ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን እጅ ነስቶ በሩን ሊከፍት ሄደ።

መኪናው በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወንድይፍራው አንገቱን አወጣ፤ ፊቱ ላይ ሐፍረትም ፍርሃትም ነበር። «ጋሼ... ያ እርስዎ ብቻ መዋያውን የሚያውቁት ትልቁ አጋዘን በየት በኩል ነው የሚወርደው?»

ወደ ባዶው ሸለቆ ቢሰደው ማን ይፈርድበታል? እንደዚያ ሊልም አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ዳገቱ፣ ጉሙ፣ ያ ታላቅ ቀንድ ፊቱ ድቅን አለበት፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

«ከፏፏቴው በላይ ባለው የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ነፋሱ ከፊትህ ይሁን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ንቅንቅ እንዳትል።»

መኪናው ሄደ። መሸሻ ቦታውን ከመነጠቁ ይልቅ፣ የቀረችውን አንዲት ነገር በገዛ አፉ መርቆ መስጠቱ አንገበገበው። እንቅልፍ አጥቶ ራሱን ሲረግም ሰነበተ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከጎባ ቴሌግራም መጣ። በሩ ላይ ተቀብሎ ለባላምባራስ አደረሰላቸው። አንብበው ፊታቸው በራ።

«እንዲህ ያለ ቀንድ ታይቶ አይታወቅም ይላል!» አሉት። «አየህ መሸሻ፣ ያ ወንድይፍራው እንዴት ያለ ዓይን አለው!»