የትልቁ አባት ምሳ

ልብስ ሰፊዋ ወደዚያ ቤት በትዳር ስትገባ ያልቀናባት ሰው አልነበረም። ሲኒማ ቤቱም፣ የሙዚቃ ስቱዲዮውም፣ የቴሌቪዥን ጣቢያውም የባሏ ቤተሰብ ነው። እነሱ «ይውጣ» ያሉት ዘፋኝ ይወጣል፤ ፊታቸውን ያዞሩበት እንደ ወፍ ቢዘምርም ሰሚ የለው። እንዴት እንደሚያደርጉት እሷም አታውቅም ነበር። እሷ የምታውቀው የምትሰፋላቸውን ተዋናዮች ወገብና ትከሻ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቷ፣ እቤት «ሚጢጢ» የሚሏት፣ ዘፋኝ ለመሆን ያልቧጠጠችው ዳገት አልነበረም። «እህትዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ተናገሪልኝ» እያለች ስትነዘንዛት ከረመች። ልብስ ሰፊዋም አንድ ቀን ደፍራ ለአማቷ ነገረቻት።

«ምን ችግር አለው ልጄ!» አለች አማቷ፣ ፊቷ በርቶ። «እሁድ ለምሳ ትምጣ። ትልቁ አባት ራሳቸው ይስሟት።» ትልቁ አባት የሚሏቸው የቤተሰቡን አዛውንት ነው።

ባሏ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እጇን ይዞ ሲኒማ ቤቱ ኮሪደር ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ወሰዳት። ፎቶው ላይ ያለችው አገር ምድሩ የሚያብድላት ተዋናይ ነበረች።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«ማን የማያውቃት አለ?»

«እህቴ ናት ይሉኛል» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አድገናል አሉ። እኔ ግን ሳያት ምንም አይመጣልኝም። እማማም ስታያት እንደ ማንም ሰው ነው። ትልቁ አባት ሲያዜሙላት የእኛ ፍቅር ከሆዳችን ተነቅሎ ለሕዝቡ ተሰጠ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ?»

«ለማን ይነገራል? ይልቅ እህትሽን ደብቂያት።»

ሚጢጢ ግን ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች። «አንቺ ሰው ሆነሽ እኔ እንዳልሆን ነው?» ብላ አኮረፈቻት። እሁድ ልብስ ሰፊዋ ልታስቀራት ስትሮጥ፣ የአማቷ መኪና ቀድሞ ወስዷት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ተከትላ ስትደርስ ባሏና አማቷ ምሳ ላይ ናቸው፤ ትልቁ አባት በገበታው ራስጌ ጥቁር መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል። አማቷ ልጅ ሳለችም እንዲሁ ሽማግሌ ነበሩ ይባላል። ከፊታቸው ያለውን ሾርባ አልነኩትም።

«በይ ዝፈኚ፣ የኔ ልጅ» አሏት።

ሚጢጢ ዘፈነች። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ አብረዋት ማንጎራጎር ጀመሩ። ድምፁ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ንብ መንጋ ይመጣል። ውጭ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ያንኑ፣ ገና ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ፣ ማፏጨት ጀመረ። ሌላ ሰው ተቀበለው።

 ልብስ ሰፊዋ ትናንት ከሚጢጢ ጋር በምን እንደተኳረፉ ጠፋት። ሠርጓ ላይ አበባዋን ማን እንደያዘላት ለማስታወስ ሞከረች፤ አበባው ታያት፣ የያዘው ሰው ግን የለም። ስለ እህቷ ያላት ትዝታ ሁሉ እንደ ክፉ ስፌት ከዛሬ ወደኋላ ይተረተራል።

«ተዪ! ዝም በይ!» ብላ ዘላ የእህቷን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ሚጢጢ ነከሰቻት። ደም ቢመጣም አለቀቀቻትም። ማንጎራጎሩ ቀጥ አለ።

ትልቁ አባት መነጽራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ለአገር የሆነ ለቤቱ አይሆንም» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ግማሽ ሆኖ የቀረ ግን ለማንም አይሆንም። ነገ በራሷ እግር ትመጣለች።»

ባሏ ተነስቶ በሩን ከፈተላቸው። «ና እንሂድ» ብትለው ራሱን ነቀነቀ። እሱ ከደጃፉ አላለፈም።

እናታቸው ቤት ሲደርሱ፣ እናትየዋ ልብስ ሰፊዋን አገላብጣ ሳመቻት። ሚጢጢን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ጓደኛሽ ናት? ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ምን ያስፈራሻል? ሚጢጢስ? ያቺን ሕፃን የት ጥለሻት መጣሽ?»

ሚጢጢ እዚያው ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

ግማሹ ዘፈን ከተማውን አዳረሰ። ታክሲ ውስጥም፣ ፀጉር ቤትም ሰው ያንጎራጉረዋል፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና ግራ ይገባዋል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ አልተመለሰችም። የስፌት መኪናዋን እናቷ ቤት ተከለች። እህቷን የምታስታውሳት እስከ ልጅነቷ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለችውን ሴት ግን እንደ አዲስ ጎረቤት ነው የምትለማመዳት።

አንድ ከሰዓት የአማቷ መኪና መስኮቱ ሥር ቆመ። አማቷ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ሚጢጢ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ዘፈኑን ብጨርሰው ሁሉም ይወደኛል» አለች። «እዚህ ማን ያውቀኛል?»

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች። 

«አንቺ እንግዳ!» ብላ ተጣራች እናታቸው ከጓዳ። «ነይማ መርፌዬ ላይ ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ እምቢ አለኝ። እጅሽ እንደ ሚጢጢ እጅ ቀልጣፋ ነው።»

 ሚጢጢ መጋረጃውን ዘጋች፤ ሄዳም እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ በሩን ቆልፋ ጀርባዋን አስደገፈችበት። የመኪናው ሞተር ከታች ያጉረመርማል፤ ሚጢጢም ክሩን በምራቋ እያራሰች የመርፌውን ቀዳዳ ትፈልጋለች።