የማዘጋጃ ቤቱን በር ማን ቆለፈው?

ልጅቷ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ርዕስ ቀላል ይመስል ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የሰፈሯ ሴቶች፣ ቦኖው ሦስት ሳምንት ሙሉ ደርቆባቸው፣ ባዶ ጀሪካን እየደበደቡ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ሹማምንቱ ግማሽ ቀን ቢሯቸው ውስጥ ተቆልፎባቸው ዋሉ፤ በማግስቱ ውሃው መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ የድሮ መዝገብ በሩን የቆለፈውን ሰው "ያልታወቀ ግለሰብ" ብሎ አልፎታል።

"ይህን ግለሰብ ካገኘሽው ጽሑፍሽ ነፍስ ይዘራል" አላት አማካሪዋ።

ያሳደገቻት አክስቷ ከሰልፈኞቹ አንዷ ስለነበረች ከእሷ ጀመረች።

"እኔ ነኛ የቆለፍኩት" አለች አክስቷ፣ ሽንኩርት መላጧን ሳታቆም።

ልጅቷ የድምፅ መቅረጫውን ልትጥለው ምንም አልቀራት። "እቴቴ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር አልነገርሽኝም እኮ።"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ደስታዋ አንድ ቀን ብቻ ቆየ። በማግስቱ ጎረቤታቸው አዋላጇ መቅረጫው ፊት ተመቻችተው ተቀመጡና፣ "የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ አክስትሽማ ጉንፋን ይዟት ከኋላ ነበረች" አሉ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊዋም በሩን ቆልፈው ቁልፉን ወንዝ ውስጥ እንደወረወሩት ምለው ተገዘቱ። በሳምንቱ መጨረሻ ልጅቷ እጅ ላይ አምስት ቆላፊ፣ አራት ዓይነት ጓጉንቸርና አንድ በር ተሰበሰበ።

"እቴቴ፣ ተነጋግራችሁ ነው?"

"ብንነጋገርማ አንዷ ብቻ ትሆን ነበር።"

ግራ ሲገባት መዝገቡን የፈረሙትን ጸሐፊ አፈላልጋ አገኘቻቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ በረንዳቸው ላይ የቆመ ሰዓት ፈታተው ይገጥማሉ።

"አባባ፣ በሩን የቆለፈችውን ሴት አይተዋታል?"

ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "የምን ሴት? እኛው ነን ከውስጥ የቆለፍነው። አለቃችን በሩ ላይ ጠረጴዛ አስጠግተው ላዩ ላይ ጉብ አሉበት። በመስኮት ሲያዩ የገዛ እናታቸውም ጀሪካን ይዘው መጥተዋል።"

"ታዲያ 'ያልታወቀ ግለሰብ' ብሎ የጻፈው ማነው?"

"እኔ። 'ፈርተን ተደበቅን' ብዬ ልጻፍ?"

ልጅቷ ይህን ለሴቶቹ የምትነግርበት አፍ አጣች። ጽሑፏን ፈታኞች ፊት በምታቀርብበት ቀን አምስቱም ለብሰውና ተኳኩለው የፊት ወንበር ያዙ። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል እውነቱን አነበበችው። አዋላጇ ልብስ ሰፊዋን በጎን አዩዋቸው፤ ልብስ ሰፊዋ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ያዙ።

አክስቷ እጇን አወጣች። "ጥያቄ አለኝ።"

"የሚጠይቁት ፈታኞች ብቻ ናቸው፣ እናቴ" አሏት ሰብሳቢው።

"አውቃለሁ" ብላ ተነሳች። "እነዚያ ሰዎች ጠረጴዛ ያስጠጉት ማንን ፈርተው ነው?"

"እናንተን" አለች ልጅቷ።

"እንግዲያው እሱን ጎላ አድርገሽ ጻፊው" ብላ ተቀመጠች።

ሰብሳቢው ሳቃቸውን በመሐረብ ከለሉ። ጽሑፉ በጥሩ ውጤት አለፈ፤ ብቸኛው ማስተካከያ አክስቷ ያዘዘችው ሆነ።

ሴቶቹ ግን ወዲያው አልታረቋትም። ልብስ ሰፊዋ የምርቃት ቀሚሷን እስከ መጨረሻው ቀን አቆይተው ሰጧት፤ ወገቡ ጠቧል።

"ልክሽን ከመዝገብ ላይ ነው ያየሁት" አሏት፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

ልጅቷም ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ትንፋሿን ቆጥባ ተመረቀች።