ስድስት ትርፍ እርምጃ

እሑድ ዕለት ጋላቢዋ በፈረስ ውድድሩ ሦስተኛ ሆና ስትገባ፣ ከመቀመጫው የተነሣው ሕዝብ «ሌባ!» አላት። አንድ ሰው አይደለም፣ አሥር ሰው አይደለም፤ ሜዳው በሙሉ ነው። ዝናቡ እያወረደው፣ ፊቷ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ቀና ስትል የውኃ ጠርሙስ በጆሮዋ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ያሸንፋል ተብሎ ሁሉም የማለለት ደመና የሚባለው ግራጫ ፈረስ ከሥሯ ያለከልካል። እስከ መጨረሻው ድረስ ሲመራ ነበር። መድረሻው እጁ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ግን እንደ ተነፈሰ ጎማ ከዳት፤ ሁለት ፈረሶች በቀኝ በኩል ጥለውት አለፉ።

«ሸጠችው! ፈረሱን ሸጠችው!»

ጋላቢዋን ሁሉም የሚጠራት ክብሪት እያለ ነው። ቀጭን ናት፤ ጫር ካደረጓት ደግሞ ትነዳለች። ያን ዕለት ግን መንደዱም ጠፋባት። ወደ ጋጣው ስትደርስ አጎቷ ልጓሙን ተቀበላት። ፈረሱን ያሠለጠነው እሱ ነው፤ እሷንም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ኮርቻውን እየፈታ፣ ዓይኗን ሳያይ፣

«አንዴ ብቻ ነው የምጠይቅሽ» አላት። «ሆን ብለሽ ይዘሽዋል?»

«አጎቴ!»

«አዎ ወይም አይ በይኝ።»

«አልያዝኩትም! ስድስት ትርፍ እርምጃ መጣብኝ።»

«የምን ስድስት እርምጃ?»

ክብሪት የምትጋልበው እየቆጠረች ነው። ሌሎቹ ጋላቢዎች ከመንገዱ ዳር የተተከሉትን ምልክቶች ያያሉ። እሷ ግን ጭቃ መነጽር በሸፈነበት ቀን ምልክት አየሁ የሚል ሁሉ ዋሾ ነው ባይ ናት። የዚያ ሜዳ አንድ ዙር አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ነው፤ መነሻውም መድረሻውም አንድ ቦታ። ደመና ይህን ዙር በሁለት መቶ አርባ ስድስት እርምጃ ይጨርሰዋል። ሁለት መቶ ላይ ስትደርስ «በል እንግዲህ» ትለዋለች፤ እሱም ያለውን ሁሉ አሟጦ ይሰጣታል። እሑድም እንዲሁ አደረገች። ሁለት መቶ አርባ ስድስት ብላ ስትጨርስ ግን መድረሻው ገና ፊቷ ነው። ስድስት እርምጃ ይቀራል። ደመና ደግሞ የሚሰጠው አልቆበታል።

አጎቷ ሰምቷት ኮርቻውን ተሸክሞ ወጣ። ያ ጀርባው ከጠርሙሱ የባሰ መታት።

የሜዳው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ አፉን ለመክፈት አልዘገየም። ይህ ሰው መሮጫ ሜዳ እያስተዳደረ ጫማው ጭቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሕዝቡ በቁጣ የገፋው የተመልካች አጥር ሳይጠገን፣ አንድ ምስክር ሳይጠየቅ፣ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ «ጥፋተኛዋ ተለይታለች፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የዳኞች ጉባኤ አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል» አለ። ሕዝብ ሲቆጣ አንድ ሰው ወርውሮ መገላገል ሥራ ከመሥራት ይቀላል። አስፈላጊው እርምጃ የተባለውም ግልጽ ነበር፤ ጥፋተኛ ከተባለች የጋላቢነት ፈቃዷ ይነጠቃል። ፈቃዱን የተነጠቀ ጋላቢ ደግሞ በዚህ ሜዳም ሆነ በሌላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ተወዳዳሪ ፈረስ ላይ አይወጣም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ ሜዳው ወረደች። ምን እንደምትፈልግ እሷም አታውቅ። መሬቱን በእግሯ ብትረግጠው ስድስቷ እርምጃ ከየት እንደመጣች የሚነግራት መስሏት ይሆናል። እዚያ ያገኘቻቸው ሜዳ ጠባቂውን ነው። ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚያን ሜዳ ሣር ያጨዱ፣ ጉድጓዱን የደፈኑ፣ አጥሩን የተከሉና የነቀሉ ናቸው። ስትገፋ ርቀት የምትቆጥር ባለ እጀታ ጎማ አለቻቸው፤ ከእሷ ተለይተው ስለማይታዩ ጋሽ ሜትር ይባላሉ። እሳቸውና ክብሪት አምስት ዓመት ሲጨቃጨቁ ኖረዋል።

«ደሞ ምን ልትይ መጣሽ?» አሉ፣ ተንበርክከው በኮቴ የተቦጨቀ ሣር ወደ ቦታው እየመለሱ።

«ምንም። የድንች ማሳዎን ልጎበኝ ነው።»

«ድንች ብተክልማ ይሻለኝ ነበር። ድንች አፍ የለውም።»

«ጋሽ ሜትር፣ እሑድ ይሄ ሜዳ ረዝሞ ነበር።»

«ሜዳ አይረዝምም። ፈረስሽ ነው ያጠረው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይሄን መልስ ሰምታ ዝም አትልም ነበር። አሁን ግን ድምጿ ተሰበረ። «ነገ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ነው እኮ፣ ጋሼ። አጎቴ እንኳ አላመነኝም» አለችና አቆጣጠሯን ከሀ እስከ ፐ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር የሚሰሟት። ስድስት ስትል ፈገግታው ደረቀ።

«የአንድ እርምጃው ርዝመት ስንት ነው?»

«ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ።»

«ስድስቱ ሠላሳ ዘጠኝ ሜትር።» ቀስ ብለው ተነሡ፤ ዞረው ውስጠኛውን አጥር አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ቅዳሜ ዕለት ያንን አጥር ስድስት ሜትር ወደ ውጭ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። በሥሩ ያለው ሣር ባለፈው ውድድር ተቦጫጭቆ ስለነበር ፈረሶቹ ጤነኛ ሣር ላይ እንዲሮጡ ነው። ፈረስ አጥሩን ታክኮ ነው የሚዞረው፤ አጥሩ ወደ ውጭ ከወጣ ዙሩ ይሰፋል። ስድስት ሜትር ከወጣ ሙሉው ዙር በሠላሳ ስምንት ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ፈረሶቹ የሚለቀቁበት የመነሻው በር ያኑ ያህል ወደ ፊት ተገፍቶ መቆም አለበት። ይህን ጋሽ ሜትር እንቅልፍ ላይ ሆነውም አይስቱትም።

«በሩን አስገፍተውታል?» አለች ክብሪት።

ሽማግሌው ጎማዋን አንሥተው፣ በሩ እሑድ ከቆመበት ተነሥተው አጥሩን እየተከተሉ መግፋት ጀመሩ። እሷም ከኋላቸው። ዙሩን ጨርሰው ሲመለሱ ቁጥሩን ጎንበስ ብላ አየችው። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት ይላል።

«እሑድ ጠዋት በሩን ላስገፋ ስሄድ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ለእሷ ሳይሆን ለሣሩ የሚናገሩ ይመስል። «የክብር እንግዶች ድንኳን ወንበር አንሶታል፣ ሰው ይዘህ አሸክም አለኝ። ስመለስ ፈረሶቹ ወደ በሩ እየገቡ ነበር። ያስገፋሁት መሰለኝ። ሠላሳ ዓመት ስታስገፊ የኖርሽው ነገር እንዲህ ነው፤ ሳታደርጊው ያደረግሽው ይመስልሻል።»

«ነገ ጉባኤው ላይ ይመጣሉ?»

«ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ጋሽ ሜትር፣ ይመጣሉ ወይ?»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

ሄደች። ግን አንድ ነገር ገብቷታል። አጥሩ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመለስ ነው። ከተመለሰ በኋላ በዚህ ምድር ላይ ሠላሳ ስምንቷን ሜትር ሊያሳይ የሚችል ሰው የለም። ሽማግሌው ዝም ብለው ሻይ እየጠጡ ቢቀመጡ ስማቸው እንደተከበረ ይኖራል። መዋሸት እንኳ አያስፈልጋቸውም።

የጉባኤው ክፍል ጠባብ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ የተደረደሩ ዋንጫዎች፣ ወለሉ ላይ ሰው እንዳይረግጠው የሚፈራለት ነጭ ምንጣፍ። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ሰውን የሚያዩት ጥርሱን ሊቆጥሩ ይመስል ነው። አጎቷ ከክብሪት ጎን ተቀምጧል፤ ከእሑድ ወዲህ አሥር ቃል አልተናገራትም።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይህ ፈረስ እዚህ ሜዳ ላይ እንዲህ ደክሞ አያውቅም። ያለ ጊዜው ገፍታ ያደከመችው ጋላቢዋ ናት። ወይ ሥራዋን አታውቅም፣ ወይ በደንብ አውቃ ነው። ሕዝቡ መልስ ይፈልጋል።»

ክብሪት አቆጣጠሯን አስረዳች። እሱ ሳቀ።

«ፈረስ ላይ ሆነሽ ሒሳብ ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎስ ድንኳን ውስጥ ሆነው ውድድር ይመሩ የለ?»

አጎቷ አሳለው። ሰብሳቢዋ በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ነካ አደረጉ። «ልጄ፣ ምላስሽን ሰብስቢ። ማስረጃ አለሽ?»

ወደ ክፍሉ በር አየች። ዝግ ነው። የጋሽ ሜትርን ስም ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው። ሽማግሌ ሰው በራሱ አፍ የሚናገረውን ነገር እሷ ጎትታ ልታወጣው አልፈለገችም።

«ሜዳው ይለካ» አለች ብቻ።

«ምኑ ይለካል?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አጥሩ ዛሬ ጠዋት ወደ ቦታው ተመልሷል።»

«አልተመለሰም።»

ጋሽ ሜትር በሩ ላይ ቆመዋል። ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፤ ነጩን ምንጣፍ ረግጠው ገቡ። «ሠራተኞቹን ከልክያቸው ነው የመጣሁት። ሜዳው እሑድ እንደነበረው አለ። ዙሩ በሠላሳ ስምንት ሜትር ረዝሟል። በሩን ማስገፋት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አላስገፋሁም። ልጅቷ ያጠፋችው ነገር የለም። ኧረ እንዲያውም እዚያ ሜዳ ላይ እሑድ ዕለት በትክክል የለካ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።»

ክብሪት እንባዋ መጣ፤ ተናደደችበት፤ ግን አልቆመላትም።

«ሽማግሌው ደክመዋል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምን እንደሚሉ አያውቁም።»

«እንግዲያው ወርደን እንለካዋ» አሉ ሰብሳቢዋ ተነሥተው።

ሁሉም ወረዱ። ጎማዋን የገፉት ሰብሳቢዋ ራሳቸው ናቸው፤ ለማንም አልሰጥም አሉ። አጎቷ ከጎናቸው እየሄደ ቁጥሩን ያያል። ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ዙር ላይ አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ተውጦ ቀረ፤ በካልሲው ቆሞ ሲታገል ጋሽ ሜትር ጎንበስ ብለው አወጡለት። ዙሩ ሲያልቅ ሰብሳቢዋ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡት። አጎቷ ወደ ክብሪት ዞረ። እጇን ያዘና እዚያው ሜዳ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ሕፃን አቀፋት።

«ይቅር በይኝ» አላት ጆሮዋ ሥር። «ቁጠሪ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው፣ ስትቆጥሪ ያላመንኩሽም እኔው።»

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ውሳኔው አጭር ነበር። ፈቃዷ ይጸናል። ውድድሩ ተሰርዞ እንደገና ይካሄዳል፤ ይህም በዚያው በሬዲዮ ይነገራል።

«መልካም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ካልሲው እየተንጠባጠበ። «ጥፋተኛው ከተገኘ ደግሞ ከሥራ ይሰናበት።»

ክብሪት ከወንበሯ ተፈናጠረች። ማንም ተናገሪ አላላትም።

«ማን ነው የሚሰናበተው? ዝም ብለው ቢቀመጡ ማን ያውቅባቸው ነበር? እውነት የተናገረውን ሰው አባራችሁ ማንን ልታስቀሩ ነው? በሩ ሊገፋ ሲል ወንበር አሸክም ያለው ማነው? እሱስ ይጠየቃል? ወይስ ሜዳ ላይ ጥፋት የሚያጠፋው ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ሰው ብቻ ነው? እሳቸውን ካባረራችሁ ያጸናችሁልኝን ፈቃድ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ እተወዋለሁ!»

«ተቀመጪ» አሉ ሰብሳቢዋ። ተቀመጠች። ሁለቱን ዳኞች በሹክሹክታ አነጋገሯቸው። ከዚያም ለሥራ አስኪያጁ፣ «ሜዳ ጠባቂው በሥራቸው ይቀጥላሉ። ከእንግዲህ በውድድር ቀን ለሌላ ሥራ የሚያዛቸው ሰው ለእኔ መልስ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ደግሞ አንድ ጋላቢ አብሯቸው ለክቶ ይፈርማል» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ እርጥብ ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ።

ኮሪደሩ ላይ ክብሪት ሽማግሌውን ሮጣ ደረሰችባቸው።

«ጋሽ ሜትር፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለምኑ?» አሉ ሳይቆሙ። «ገደል የከተትኩሽ እኔ። ገፍትሮ የጣለ ሰው ስላነሣ ይመሰገናል እንዴ?»

«ይመሰገናል!» ጮኸች። «ስንቱ ገፍትሮ ቆሞ ያያል? ስንቱ አፈር ይመልስብኛል? እርስዎ ግን ሠራተኛ ከልክለው፣ ጭቃዎን ይዘው መጡ። ስለዚህ አመሰግናለሁ፤ እርስዎም ይቀበሉኛል!»

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ማመስገን ነውር ነው እንዴ? ልጆቼንም ወልጄ እንዲያመሰግኑዎት ነው የማደርገው! ይቀበሉኛል ወይስ አይቀበሉኝም?»

ሽማግሌው ቆሙ። ጭቃ የነካ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ዘረጉላት፤ ዓይናቸው ረጥቧል።

«እሺ፣ ተቀብያለሁ» አሉ። «ተቀብያለሁ፣ ልጄ። አሁን ግን አትጩኺብኝ።»